ማታ የት እንደር?

ረጅም መንገድ የሚሄድ ቤተሰብ ስለ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ይነጋገራል። ነዳጁ ከዋዜማው ይሞላል፣ ጎማው ይታያል፣ ዳቦና ቆሎው ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ምሳ የት እንደሚበላ ሳይቀር ገና ቱሉ ዲምቱ ሳይደረስ ይወሰናል። አዳሩ ግን ለመንገዱ ይተዋል። «ሲመሽብን እናያለን» ይባላል። ሲመሽ ደግሞ የሚመርጠው ሰው መሆኑ ይቀርና ድካም ይሆናል፤ ድካም መጀመሪያ ያየው ግቢ ይገባል።

በዚህ ምዕራፍ አጥብቄ የምለው ነገር አንድ ነው። አዳር የሚመረጠው በሰዓት ነው። ከተማው ከሰዓቱ ቀጥሎ ይመጣል፣ ሆቴሉ ደግሞ ከከተማው ቀጥሎ። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ጥሩ ሆቴል ያለው እዚህ ከተማ ነው ሲባል ይሰማል፣ እዚያ ካልደረስኩ ብሎ ሁለትና ሦስት ሰዓት በጨለማ ይነዳል፣ በከፈለበት አልጋ ላይም የሌሊቱን ግማሽ ብቻ ይተኛል።

ነገሩን በአንድ መንገድ ላይ ማሳየት ይሻላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በአሰበ ተፈሪና በሐረር አድርጎ ጅጅጋ የሚገባውን መንገድ እንውሰድ። 630 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ልግባ ለሚል ሰው ይረዝማል፣ ሁለት አዳር ለማድረግ ደግሞ ያጥራል፤ ስለዚህ አንዷ አዳር በትክክል መመረጥ አለባት። ደጋውና ቆላው እየተፈራረቀ የሚሄድ መሆኑም ምርጫውን ከባድና አስተማሪ ያደርገዋል።

በዚህ አቅጣጫ የአዳር ጉዳይ ከመኪና በፊት የተፈታበት ዘመን ነበር። የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ ከሥር በኩል አለፈ፣ ድሬዳዋም በዚያው ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚያን ዘመን የመንገደኛ ባቡር ሌሊት አይጓዝም ነበር፤ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበርና መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ የነበረው ቡፌ በምግቡም በአልጋውም ስም ያወጣው ከዚህ የተነሳ ነው። ልብ ማለት የሚገባን ነገር መንገደኛው ስለ አዳሩ አለመጨነቁን ነው። ማደሪያው የተወሰነው የመነሻ ሰዓቱ በተጻፈበት ሠሌዳ ላይ ነበር። መኪና ከሠሌዳው ነፃ አወጣን፤ ከሌሊቱ ግን ነፃ አላወጣንም።

ታዲያ ሰዓቱ የሚወሰነው በምንድን ነው? በሁለት ነገር፤ አንዱ ሰውነታችን ውስጥ ነው፣ ሌላው ሰማይ ላይ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ድሩ ዶውሰንና ካትሪን ሪድ የተባሉ በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ሰዎችን አንድ ጊዜ እንቅልፍ አሳጥተው፣ ሌላ ጊዜ አልኮል አጠጥተው፣ የዓይንና የእጅ ቅንጅት የሚጠይቅ ተመሳሳይ ፈተና ሰጧቸው። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ወርዶ ተገኘ። ይህ መጠን በብዙ አገሮች መሪ መያዝ የሚከለከልበት ወሰን ነው። 24 ሰዓት የቆየው ደግሞ 0.10 በመቶ ካለበት ሰው ጋር ተስተካከለ። አሁን ይህን ወደ እኛ መንገደኛ እናምጣው። ሩቅ የሚሄድ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል፤ ሻንጣ ሲያስር ስላመሸም ጠግቦ አልተኛም። 17ኛው ሰዓት የሚሞላው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ ሳይቀምስ፣ በሕግ ፊት ንጹሕ ሆኖ፣ እጁ ግን የጠጪ እጅ ሆኗል።

በዚያ ላይ ሰውነት በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይዝላል። አንደኛው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ያለው ነው፤ ሁለተኛው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ብዙዎች በምሳው ያሳብባሉ፤ ምሳ ቢያባብሰውም መንስኤው የሰውነት የራሱ ሰዓት ነው፣ ሳይበሉም ይመጣል። በዚህ ሰዓት የሚመጣው አደጋ የሸለብታ አደጋ ነው። ዓይን ሳይከደን አእምሮ ለጥቂት ሴኮንዶች ይጠፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያልፋል፤ ሦስት ሴኮንድ ሸለብ ያለው ሾፌር 66 ሜትር ያህል ማንም ሳይነዳው ሄዷል ማለት ነው። በቀኑ 8 ሰዓት የመጣን ሸለብታ ለማሸነፍ መፍትሔው መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ሃያ ደቂቃ መተኛት ነው። በምሽት ለመጣው ግን አልጋ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ቡና አለ፣ ጫትም አለ የሚል ይኖራል። ቡና በእርግጥ ይረዳል፤ ሥራውን የሚጀምረው ግን ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፣ ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣትም አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 11 ሰዓት ላይ «ሐረር ያስገባኛል» ተብሎ የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። ጫት ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ በየከተማው በር ይሸጣል። ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ምርቃናው ሲያልቅም ሾፌሩ በአንድ በኩል የደከመ፣ በሌላ በኩል እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ሆኖ ይቀራል። የማግስቱን መንገድ የሚነዳው ያ ሰው ነው። በአውሮፓ ኅብረት የከባድ መኪና ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ፣ በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ (በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ 10 ሰዓት ይፈቀድለታል) በሕግ የተገደደው ሰው ድካሙን ራሱ እንደማያውቀው ስለታመነ ነው። የቤት መኪና ለሚነዳ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለምና ራሱ ለራሱ ማውጣት አለበት።

ሰማይ ላይ ያለው ሰዓት ይበልጥ ግልጽ ነው። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይጎድልም፣ ብዙም አይተርፍም። ጀምበር ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድፍን ጨለማ ይሆናል፤ እንደ ሰሜን አገሮች የበጋ ምሽት የሚያዘግም ብርሃን የለም። በዚያች አጭር ሰዓት መንገዱ ላይ ያለውን እንይ። ከብቱ ከግጦሽ ወደ ቤት ይመለሳል። ከሚኤሶ ወዲህና ወዲያ ግመሎች አስፋልቱን ያቋርጣሉ፤ የግመል እግር ረጅም ስለሆነ የመኪና መብራት ቶሎ አያገኘውም፣ ሲመታም ገላው የሚወድቀው በመስታወቱ በኩል ነው። ገበያተኛው በእግሩ ይሄዳል። ደግሞ ድንጋዩ አለ። ከባድ መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ከኋላው ቅጠል ይጥላል፣ ድንጋይ ይደረድራል፣ ጎማው ሥርም ትልቁን ድንጋይ ያስደግፋል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው አስፋልቱ መሐል ይቀራል። በቀን ከሩቅ ይታያል፣ ዞር ብለው ያልፉታል። በማታ ግን ከፊት የሚመጣ አይሱዙ በረጅም መብራት ዓይን አጥፍቶ ባለፈበት ቅጽበት የሚገኝ ድንጋይ ነው። ከአወዳይ የሚነሱ የጫት መኪኖችም አሉ፤ ጭነታቸው ትኩስነቱ ሳያልፍ መድረስ ስላለበት በምን ፍጥነት እንደሚበሩ የሐረርጌ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ሞተር የሚጠፋበት ሰዓት ቢዘገይ 11 ሰዓት ነው። ሳይቸኩሉ ሆቴል ለማየትና ካልጣመም ሌላ ለመፈለግ ከተማው በር ላይ 10 ሰዓት ተኩል መድረስ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ቀላል ሂሳብ ነው። በእኛ መንገድ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ ኬላውም፣ የከተማው ባጃጅም ተቆጥሮ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይዞ ማስላት አያሳፍርም። የአዲስ አበባና የአዳማ የክፍያ መንገድ ያስፈጥናል፣ የጨርጨር ጠመዝማዛ ግን የተረፈውን መልሶ ይወስደዋል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው እስከ 10 ሰዓት ተኩል ድረስ አሥር ሰዓት ተኩል አለው፤ ይህም 525 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሐረር መግቢያ ማለት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት የተነሳ 325 ኪሎ ሜትር አለው፤ አሰበ ተፈሪ ያድራል። እኩለ ቀን ላይ ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ደግሞ 225 ኪሎ ሜትር ብቻ ይዟል፤ የሱ ማደሪያ አዋሽ ነው፤ ሙቀቱን ካልቻለውም አዳማ። እዚህ ላይ ከሁሉም የሚያከራክረው 3 ሰዓት ላይ የተነሳው መንገደኛ ነው። ሂሳቡ ሂርና ያደርሰዋል። እኔ ግን አሰበ ተፈሪ ይደር እላለሁ። ከአሰበ ተፈሪ በኋላ መንገዱ ተራራ ይይዛል፣ በክረምት ጭጋግ ይወርድበታል፣ ከተማዎቹ ያንሳሉ፣ አንዱ ሆቴል ሞላ ቢባል ሁለተኛ ምርጫ ጠባብ ነው። አንድ ሰዓት ቀድሞ መግባት ከሚያስከፍለው ይልቅ የሚያተርፈው ይበልጣል።

ድሬዳዋስ? ድሬዳዋ ለማደር ደስ የምትል ከተማ ናት፣ የአልጋ ምርጫውም ሰፊ ነው። ሆኖም ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ መውረድ ማለት ከደጋው ጫፍ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ወደምትገኝ ከተማ በጠመዝማዛ ቁልቁለት መወርወር ነው። በቀኑ መጨረሻ፣ ፍሬን በሞቀበትና ሾፌር በዛለበት ሰዓት የሚወረድ ቁልቁለት አይደለም። በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ተመልሶ መውጣት አለ። ጅጅጋ የሚሄድ ሰው ድሬዳዋ ጉዳይ ከሌለው ቀጥ ብሎ በሐረማያ አድርጎ ሐረር ይግባ።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ከተማን ስንመርጥ እንደ አገራችን ባለ ምድር የመጀመሪያው መለኪያ ከፍታ ነው። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰበ ተፈሪ 1,800 ሜትር ገደማ፤ ሐረር 1,900 ሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረው። አንድ ሺህ ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። አዋሽና አሰበ ተፈሪ መካከል 100 ኪሎ ሜትር ብቻ አለ፤ በመካከላቸው ያለው የአምስት ዲግሪ ልዩነት ግን በእንቅልፍ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ሰው እንዲተኛ የሰውነቱ የውስጥ ሙቀት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ክፍሉ ከሞቀ ሰውነት ሙቀቱን የሚያወጣበት አያገኝም፣ ይገላበጣል። እንቅልፍን የሚያጠኑ ሰዎች ለመኝታ ክፍል 18 ዲግሪ አካባቢን ይመክራሉ። ሐረር በአብዛኛው ሌሊት ያለ ምንም ማሽን ወደዚህ ትጠጋለች። አዋሽ የሚያድር ሰው ግን ማራገቢያ የሚሠራበት ክፍል፣ መብራት ሲጠፋም የሚነሳ ጄነሬተር ያለው ቤት መፈለግ አለበት። አዋሽ ላይ ገንዘብ የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ ለቴሌቪዥኑ አይደለም።

ደጋው ላይ ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ። በጥቅምትና በኅዳር በቁልቢና በአካባቢው ኮረብቶች ሌሊቱ ይበርዳል፣ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ማስገባት ይመጣል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጠየቅ ይቻላል፤ ጋቢ ይዞ መሄድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ከፍታ የወባም ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር የወባ ምድር ተብሎ ይቆጠራል፤ ይህ መንገድ ከአዳማ ጀምሮ ባሉት አብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞቹ ከዚያ በታች ነው። ድሮ የምናውቃት የወባ ትንኝ ክረምት ባቆረው ውሃ የምትራባ ናት፤ ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን መፍራት ልማዳችን ነው። አሁን ግን ሌላ ዓይነት ትንኝ ገብታለች። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ አገሯ ደቡብ እስያ ነው፤ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነው። ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በበርሜል፣ በሮቶ፣ በግንባታ ጉድጓድ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ የተነሳው በእሷ የተነሳ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ በዚህ መስመር አልጋ የሚይዝ ሰው ከክፍሉ በፊት ግቢውን ይይ። የውሃ ታንከሩ ክዳን አለው? ክፍት በርሜል ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል? አጎበሩ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ወደ ብርሃን ዘርግተው ሲያዩት ግን ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ፣ ከአልጋው ብረት ጋር ተያይዞ የተቀደደ ጠርዝ ይገኝበታል። ጠርዙ ከፍራሹ ሥር እስኪገባ ካልደረሰም ብዙ አይጠቅምም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ አይታለች፤ እነዚህን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጋደም የሚል ሰውም መሸፈን አለበት። ከጉዞ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢመጣ ለሐኪሙ የት እንዳደሩ መንገር ግድ ነው፤ የወባ ምልክት ከተነከሱበት ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነውና የሚታየው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሐኪም ሳይነገረው ሊያስበው አይችልም።

አሁን ወደ ሆቴሉ እንግባ። ሰው «አዲስ ቦታ እንቅልፍ አይወስደኝም» ሲል ሰበብ አይደለም፤ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ማሳኮ ታማኪና ዩካ ሳሳኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰዎችን አንጎል በእንቅልፍ ላይ ተከታተሉ። በመጀመሪያው ሌሊት የአንጎል ግራ ክፍል ከቀኙ ያነሰ ጥልቅ እንቅልፍ ይተኛል፤ ድምፅ ሲሰማም ፈጥኖ ይነቃል። ሰውነት የማያውቀው ቤት ሲተኛ ግማሽ አንጎሉን ዘብ አቁሞ ነው የሚተኛው። በኋላ በተደረገው ሌላ ሌሊት ልዩነቱ ጠፍቷል። መንገደኛ ግን ሁለተኛ ሌሊት የለውም፤ ሁሌም የመጀመሪያው ነው። ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጽ ነው፤ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ከምንም በላይ ጸጥታ ያስፈልገዋል፤ ዘብ የቆመውን አንጎል የሚቀሰቅስ ነገር እንዳይኖር።

ጸጥታ ደግሞ ከመንገድ ዳር ሆቴል የሚገኘው በምርጫ ነው። ሰዎች የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያድሩበትን ቤት ይመክራሉ። ምግቡ እውነት ነው ይጥማል፣ ጥበቃውም አስተማማኝ ነው፤ ሾፌር ንብረቱን የትም አይጥልም። ነገር ግን ከባድ መኪና የሚቆመው በነፋስ ግፊት በሚሠራ ፍሬን ነው፤ ሌሊቱን ሲቆም ነፋሱ ይጎድላል፣ ስለዚህ ጠዋት ከመንቀሳቀሱ በፊት ታንኩ እስኪሞላ ሞተሩ ለደቂቃዎች ማጉራት አለበት። ሾፌሮች ደግሞ የሚነሱት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው። አሥር ተሳቢ ያለበት ግቢ ውስጥ ያደረ ሰው በዚያ ሰዓት አብሯቸው ይነሳል። የጅቡቲው መንገድ የሚገነጠለው አዋሽ ላይ ስለሆነ ይህ ነገር ከየትም ይበልጥ እዚያ ይበረታል። ምሳቸውን አብረው ይብሉ፣ አልጋዎን ግን ከዋናው አስፋልት አንድ ቅያስ ገባ ካለ ፔንሲዮን ይያዙ፤ መኪናው የሚገባበት በር ያለው ግቢና ሌሊት የማይተኛ ጥበቃ ካለው በቂ ነው።

ክፍል ከመክፈል በፊት ማየት ነውር አይደለም፤ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ቁልፍ ይዛ ትመጣለች። ውሃውን ከፍተው ይተዉት፤ ሙቅ ነው የተባለው ውሃ ሙቅ እስኪሆን አምስት ደቂቃ ይፈልግ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ውሃው እየፈሰሰ አንሶላውን ከአልጋው ማዕዘን ገለጥ አድርገው የፍራሹን ስፌት በስልክ መብራት ይዩት። ትኋን ካለ ስፌቱ ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ፣ አንዳንዴም የቀላ የደም ጭረት ይታያል። ይህ ከታየ ክፍል መቀየር ብቻውን አያስተማምንም፤ ትኋን በግድግዳ ስንጥቅ ወደ ጎን ክፍል ስለሚያልፍ ቤቱን መልቀቅ ይሻላል። ሻንጣም አልጋ ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። ከዚያ መስኮቱን ከፍተው ያዳምጡ። ሥር ያለው ምንድን ነው? ጄነሬተሩ ከሆነ ጭሱም ጩኸቱም ወደ ክፍሉ ነው። ግሮሰሪ ከሆነ ሙዚቃው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠየቃል፤ ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ የምትሰጠው አልጋ የምታነጥፈው ሴት ናት።

ዋጋን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የመዋኛ ገንዳና የስብሰባ አዳራሽ ያለው ሆቴል 11 ሰዓት ገብቶ 12 ሰዓት ለሚወጣ ሰው የማይጠቀምበትን ያስከፍለዋል። ቁርስ ተካቷል ከተባለም ኩሽናው የሚከፈተው 1 ሰዓት ተኩል ከሆነ ለእርስዎ አልተካተተም፤ ማታ እንቁላልና ዳቦ አስቋጥሮ ማደር ይቻላል። ረመዳን ላይ የሚጓዝ ደግሞ ከአሰበ ተፈሪ ጀምሮ ብዙው ምግብ ቤት ቀን እንደማይሠራ፣ ከተማውም ከኢፍጣር በኋላ እስከ ሌሊት ነቅቶ እንደሚቆይ አውቆ ክፍሉን ከገበያው ራቅ ያድርግ።

ሁለት ቀን በዓመት ግን የተባለው ሂሳብ ሁሉ አይሠራም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው። ራስ መኮንን ባሠሩት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለት ያለበት ሰው ከአራቱም አቅጣጫ ይመጣል፤ በእግሩ የሚጓዘውም ብዙ ነው። ከአሰበ ተፈሪ እስከ ድሬዳዋና ሐረር ያለው አልጋ ሳምንት ሲቀረው ተይዞ ያልቃል፣ ዋጋውም አይቀመስም፤ ድንኳንና የመኪና ወንበር የብዙ ሰው ማደሪያ ይሆናል። ተሳላሚ ካልሆኑ በእነዚያ ቀናት ዙሪያ ጅጅጋ ለመሄድ አይነሱ። ተሳላሚ ከሆኑ አልጋውን ከወር በፊት ይያዙ፤ ካላገኙም አዋሽ አድረው በሌሊት ሳይሆን በንጋት ይውጡ።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ግን «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚለው ነው፤ ዛሬ በአገራችን የትኛውም አቅጣጫ ቢሆን። መልሱን የሚያውቀው በዚያው ቀን ከዚያ የመጣ ሾፌር ነው፤ የትናንቱ ወሬ ለዛሬ አይሠራም። ኬላዎች ሲመሽ በገመድ ይዘጋሉ፣ ሰዓት እላፊም ሊኖር ይችላል፤ ማደሪያ ያልያዘ መንገደኛ ኬላ ሥር የሚያድረው እንዲህ ሲሆን ነው። የተፈጥሮም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ በተደጋጋሚ ምድር ሲንቀጠቀጥ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከአዋሽና ከመተሐራ አካባቢ ተነስተዋል፣ አስፋልቱም ተሰንጥቆ ነበር። በዚያ ሰሞን አዋሽ ላይ አልጋ የያዘ ሰው ሂሳቡ ትክክል ነበር፤ ከተማው ግን ሊቀየርበት ግድ ሆነ።

ለዚህ ሁሉ የሚበጀው ከዋዜማው ሁለት ስልክ መደወል ነው። አንዱ ሂሳቡ ወደሚያደርስዎ ከተማ፣ ሌላው ከዚያ ወዲህ ወዳለው ማደሪያ ከተማ። ንግግሩ አጭር ነው።

«እህቴ፣ ለነገ አልጋ አለ?»

«አለ። ስንት ሰው ናችሁ?»

«እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። ክፍሉ ከአስፋልት በኩል ነው ወይስ ከጓሮ?»

«ሁለቱም አለ ጋሼ።»

«የጓሮውን ያዢልኝ። መኪና ግቢ ይገባል?»

«ይገባል። ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?»

የመጨረሻውን ጥያቄ እሷ ባትጠይቅም እርስዎ ይንገሯት፤ ብዙ ቦታ ያልተከፈለበት አልጋ እስከ 12 ሰዓት ተጠብቆ ለመጣው ይሰጣል። ሐረር አልጋ ለያዘ ሰው በማግስቱ ውሳኔው የሚጸናው አሰበ ተፈሪ ላይ ነው። ምሳ በልታችሁ ሒሳብ ስትከፍሉ ሰዓቱን ተመልከቱ። 7 ሰዓት ካልሆነ ሐረር በብርሃን ይገባል፤ 7 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ተራራው ላይ ጭጋግ ከታየ፣ እዚያው አልጋ ይያዝ። ለሐረሯም ልጅ ወዲያው ይደወልላት፣ ክፍሉን ከኋላ ለሚመጣ መንገደኛ ትሰጠዋለች።